አሜሪካ እንዴት ሰፋች? ከአንድ ደረቅ ሕግ እስከ ጉዋም ደሴት

የአሜሪካን መሬት ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል ያየ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ከኦሃዮ ወደ ምዕራብ ሲኬድ እርሻው ሁሉ ካሬ ነው። መንገዱ ቀጥ ይላል፤ ድንበሩም ቀጥ ይላል። አንዱ ካሬ ከሌላው ጋር ተያይዞ ዓይን እስከሚያይበት ይዘልቃል። የአንዱ ትልቅ ካሬ ጎን 1 ማይል ነው፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው።

ስለ አሜሪካ መስፋፋት ስጠየቅ ከዚህ ካሬ መጀመር ይቀናኛል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በጦርነትና በገንዘብ ነው። እዚህ ወጋች፣ እዚያ ገዛች ይባላል። እውነት ነው፤ ወግታለች፣ ገዝታለችም። ግን ወግተው የያዙ መንግሥታት ሞልተዋል። ስፔን በዚያው አህጉር ከእሷ በፊት እጅግ ሰፊ መሬት ይዛ ነበር፤ ከእጇ ወጣ። ፈረንሳይም እንዲሁ። እኔን የሚገርመኝ አሜሪካ መሬቱን ካገኘች በኋላ ያደረገችው ነገር ነው። እሱ ከገባን የቀረው ታሪክ፣ መልካሙም ክፉውም፣ ቦታ ቦታውን ይይዛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰንሰለትና አንድ ቃል ኪዳን

በ1783 እንግሊዝ የአሜሪካን ነፃነት ስትቀበል የአዲሲቱ አገር ምዕራባዊ ድንበር ሚሲሲፒ ወንዝ ሆነ። መንግሥቱ ግን ኪሱ ባዶ ነበር። የጦርነት ዕዳ አለበት። ወታደሮቹ ደመወዛቸውን በወጉ አላገኙም። ኮንግረሱ በዚያን ጊዜ ግብር የመጣል ሥልጣን እንኳ አልነበረውም። ያለው ሀብት ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ ያለው መሬት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ባለቤት ነበረው፤ ሻውኒ፣ ማያሚና ዴላዌር የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር።

በ1785 አንድ ሕግ ወጣ። መሬቱ ይለካ፣ ይቆረጥ፣ ይሸጥ የሚል ነው። ቀያሾች 66 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የብረት ሰንሰለት ይዘው ጫካውን ገቡ። ቀላድ ጣሉበት ብንል በደንብ ይገልጸዋል። ሰንሰለቱ 80 ጊዜ ሲዘረጋ 1 ማይል ይሞላል። 36ቱ ካሬ ማይሎች ተደምረው አንድ ታውንሺፕ ይባላሉ። ካሬዎቹ በሙሉ ቁጥር አላቸው። 16ኛው ቁጥር ለትምህርት ቤት እንዲውል ተመደበ። ከዚህ በኋላ ኒውዮርክ የተቀመጠ ሰው አይቶት የማያውቀውን መሬት በቁጥር መግዛት ይችላል። መሬት እንደ ጨርቅ ተለክቶ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1787፣ ኖርዝዌስት ኦርዲናንስ የሚባለው ደንብ ተጨመረ። ይህኛው በጣም ደረቅ ጽሑፍ ነው። እኔ ግን ከብዙ ጦርነቶች በላይ ይህ ደንብ አሜሪካን ሠርቷታል ባይ ነኝ። ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ያለው መሬት መጀመሪያ ቴሪቶሪ ይሆናል፤ አስተዳዳሪውን ኮንግረሱ ይሾማል። 5,000 ነፃ አዋቂ ወንዶች ሲኖሩት የራሱን ምክር ቤት ይመርጣል። 60,000 ነፃ ነዋሪዎች ሲሞሉት ደግሞ ስቴት ሆኖ ይገባል፤ ከመጀመሪያዎቹ 13 ስቴቶች ጋር በመብት እኩል ሆኖ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች ገና ትናንት ቅኝ ተገዢ አንሆንም ብለው የተዋጉ ናቸው። አሁን እነሱም አዲስ መሬት ያዙ። በዘመኑ ወግ ቢሄዱ መሬቱን ቅኝ ግዛት አድርገው ግብሩን ይበሉ ነበር። ያንን ትተው ታናሹን እኩል ወንድም ለማድረግ ወሰኑ። ትልቋ ቨርጂኒያ በሴኔት 2 መቀመጫ አላት። ትናንት ጫካ የነበረችው ኦሃዮ በ1803 ስትገባ ለእሷም 2 መቀመጫ ተሰጣት። ወደ ምዕራብ የሚሰደደው ገበሬ ልጆቹ የማንም የበታች እንደማይሆኑ ያውቃል። ስለዚህ መንግሥት በወታደር ሳይገፋው በራሱ እግር ይሄዳል። ሄዶም በሌላ ባንዲራ ሥር አይገባም፤ የራሱ አገር እዚያ ድረስ ተከትላው ትመጣለችና።

ደንቡ ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ባርነትን ከልክሏል። የነባሮቹ ሕዝቦች መሬት ያለ ፈቃዳቸው እንደማይወሰድም ቃል ገብቷል። ይህ ሁለተኛው ቃል አልተጠበቀም። አንድ ቃል ደግሞ ልብ በሉልኝ፦ "ነፃ"። ቁጥሩ ውስጥ የሚገባው ነፃ ነዋሪ ነው። ወደ ኋላ የሚመጣው መከራ ብዙው በዚህ ቃል ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ፓሪስ፣ ሚያዝያ 1803

ከሚሲሲፒ ወዲያ ያለውን ሉዊዚያናን ፈረንሳይ ከስፔን በምስጢር ተቀብላው ነበር። የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ጭንቀት ግን አንድ ከተማ ነው፤ ኒው ኦርሊንስ። የምዕራቡ ገበሬ እህሉን በወንዙ አውርዶ ወደ ባሕር የሚያወጣው በዚያች በር ነው። በሩ ከተዘጋ ገበሬው ተቀበረ ማለት ነው። ስለዚህ መልእክተኞቹን ከተማዋን ግዙ ብሎ ላከ። የተፈቀደላቸው እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ሚያዝያ 11 ቀን የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌራንድ አሜሪካዊውን ሮበርት ሊቪንግስተንን ድንገት ጠየቀው። ሙሉውን ብንሰጣችሁ ስንት ትከፍላላችሁ? ሊቪንግስተን መስማት የተሳነው ሰው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ጥያቄው በትክክል ደርሶታል። ከተማ ሊገዛ የመጣ ሰው የአህጉሩ ሰፊ ክፍል ቀረበለት።

ናፖሊዮን ለምን ሸጠ? መልሱ ፓሪስ ውስጥ የለም፤ ሄይቲ ነው ያለው። ያን ጊዜ ሳን ዶሚንግ ትባል ነበር። በስኳር የፈረንሳይ የሀብት ጎተራ ነበረች። በ1791 ባሪያዎቹ ተነሡ። ናፖሊዮን መልሶ ሊረግጣቸው ትልቅ ጦር ላከ፤ ሉዊዚያና ደግሞ የደሴቲቱ ቀለብ ማምረቻ እንድትሆን አስቦ ነበር። ጦሩን ቢጫ ወባና የነፃነት ተዋጊዎቹ ጨረሱት። የጦሩ አዛዥ ለክለር ራሱ በወባው ሞተ። የነፃነት ተዋጊዎቹ መሪ ቱሳን ሉቨርቱር ግን በተንኮል ተይዞ ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ። በተራራ ላይ ባለ ቀዝቃዛ እስር ቤት ሚያዝያ 7 ቀን 1803 አረፈ። ታሌራንድ ጥያቄውን የጠየቀው ከ4 ቀን በኋላ ነው። ደሴቲቱ ካልተያዘች ሉዊዚያና ለፈረንሳይ ምን ትሠራለች? ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

ዋጋው 15 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። አሜሪካ ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ስላልነበራት አብዛኛውን በቦንድ ከፈለች። ቦንዱን ከገዙት አንዱ የለንደኑ የቤሪንግ ባንክ ነው። 2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ገባ፤ የአገሪቱ ስፋት በእጥፍ አደገ። ጄፈርሰን ሕገ መንግሥቱ መሬት የመግዛት ሥልጣን በግልጽ እንዳልሰጠው ያውቅ ነበር። ማሻሻያ አርቅቆ ነበር፤ ናፖሊዮን ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቶ ተወው።

በዚህ ታሪክ ሁሌ የሚቆጨኝ ነገር አለ። አሜሪካ ይህን መሬት ያገኘችው ሄይቲዎች በከፈሉት ደም ነው ማለት ይቻላል። የሄይቲን ነፃነት ግን እስከ 1862 አልተቀበለችም። 58 ዓመት ሙሉ።

ሌላም መረሳት የሌለበት ነገር አለ። ፈረንሳይ ያንን ምድር አብዛኛውን ረግጣው አታውቅም። የሸጠችው የራሷ ያልሆነውን ነው። አሜሪካ በትክክል የገዛችው ሌላ የአውሮፓ መንግሥት እንዳይቀድማት የሚያደርግ መብት ነበር። መሬቱን ከነባሮቹ ሕዝቦች እጅ መንጠቁ ገና ወደፊት ይመጣል።

የቼሮኪዎች ፊደል

መንጠቁ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት አንድ ሕዝብ ይበቃናል። ቼሮኪዎች ጆርጂያና አካባቢዋ ይኖሩ ነበር። ከመካከላቸው ሴኮያ የሚባል ብረት ሠሪ ተነሣ። ማንበብ አያውቅም። ነጮቹ ወረቀት ላይ ቃል ሲያስቀምጡ አየ፤ እኛስ ብሎ ዓመታት ደከመ። በ1821 ገደማ የራሱን ፊደል ጨረሰ። ምልክቶቹ እንደ እኛ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሙሉ ድምፅ ይይዛል። 85 ምልክት ነው። ሰዎች ቶሎ ተማሩት። በ1827 ሕገ መንግሥት ጻፉ። በ1828 በራሳቸው ፊደል ጋዜጣ አሳተሙ። እርሻ ነበራቸው፤ ምክር ቤት ነበራቸው። ሥልጡኑ፣ እንደኛ ሁኑ ሲባሉ የኖሩ ሰዎች የተባሉትን ሁሉ አደረጉ።

አልጠቀማቸውም። መሬታቸው ላይ ወርቅ ተገኘ። ጥጥ የሚተከልበት አፈርም ተፈለገ። በ1830 በፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ዘመን ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ማዶ የማዛወር ሕግ ወጣ። ጆርጂያ የቼሮኪዎችን መሬት ቆራርጣ ለነጮች በዕጣ አደለች። ቼሮኪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ አይሠራም ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የሚያስፈጽም ጠፋ። በ1835 ጥቂት ሰዎች ሕዝቡን ሳይወክሉ የመልቀቂያ ውል ፈረሙ። ዋናው አለቃ ጆን ሮስ ከ15,000 በላይ ፊርማ ሰብስቦ ተቃወመ። ሴኔቱ ውሉን በአንድ ድምፅ ብልጫ አጸደቀው።

በ1838 ወታደር ቤት ለቤት ሄዶ አወጣቸው። 16,000 ያህል ሰዎች ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተነዱ፤ ብዙዎቹ በክረምት፣ በእግር። 4,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል።

"ነፃ ነዋሪ" የሚለው ቃል ዋጋው እዚህ ይታያል። ደንቡ ለሰፋሪው እኩልነት ሰጠ። ሰፋሪው እኩል የሚሆንበት መሬት ግን የሌላ ሰው ነበር።

ሜክሲኮ፣ እና የተባረረው ተደራዳሪ

ቴክሳስ የሜክሲኮ ነበረች። ሜክሲኮ ራሷ ሰፋሪ ይምጣልኝ ብላ አሜሪካውያንን አስገባች። እነሱም ጥጥና ባሪያዎቻቸውን ይዘው መጡ። በ1829 ሜክሲኮ ባርነትን ከለከለች። ጠብ ተነሣ፤ ሌላም ሌላም ተጨመረበት፤ በ1836 ቴክሳስ ነፃ ነኝ አለች። በ1845 ወደ አሜሪካ ገባች። በዚያው ዓመት ጆን ኦሳሊቫን የሚባል ጋዜጠኛ አህጉሩን መሸፈን የተጻፈልን ዕድል ነው የሚለውን ሐሳብ በአንድ ሐረግ አስቀመጠው። ሐረጉ ሰው አፍ ገባ።

ፕሬዚዳንት ጀምስ ፖልክ ካሊፎርኒያን ይፈልግ ነበር። ለመግዛት ጠይቆ እንቢ ተባለ። ከዚያ ጦሩን በኑዌሰስና በሪዮ ግራንዴ ወንዞች መካከል ወዳለው፣ ሁለቱም አገሮች የእኔ ነው ወደሚሉት ምድር ላከ። ግጭት ተፈጠረ። ፖልክ የአሜሪካ ደም በአሜሪካ መሬት ፈሰሰ ብሎ በ1846 ጦርነት አሳወጀ። ገና አዲስ የምክር ቤት አባል የነበረው አብርሃም ሊንከን ደሙ የፈሰሰበትን ቦታ በትክክል አሳዩኝ እያለ ሞገተ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

አሜሪካ አሸነፈች፤ ዋና ከተማዋን ሜክሲኮ ሲቲን ያዘች። አሁን ደንቡ ራሱ ጥያቄ ይዞ መጣ። መላዋን ሜክሲኮ እንውሰድ የሚሉ ነበሩ። ግን መሬት የገባ እንደሆነ ሰዎቹም ስቴት ሆነው፣ ሴኔት ይዘው ይገባሉ። የደቡቡ ሴናተር ጆን ካልሁን ይህን በግልጽ ተናገረው፤ መንግሥታችን የነጮች ነው፣ ሚሊዮኖቹን ሜክሲኳውያን አናስገባም አለ። ስለዚህ የተፈለገው ሰው የሳሳበት ሰሜኑ ሆነ። የዛሬው ድንበር የት እንደቆመ የወሰነው የጦር ኃይል ብቻ አይደለም፤ ማንን እኩል እናደርጋለን የሚለው ፍርሃትም ነው።

ውሉን የተደራደረው ኒኮላስ ትሪስት ይባላል። ፖልክ በመሃል ተናዶ ተመለስ ብሎ ደብዳቤ ላከበት። ትሪስት ይህ ዕድል ካለፈ ሰላም አይገኝም ብሎ አልመለስም አለ። ሥልጣኑ ተነሥቶ ሳለ ተደራደረ፤ የካቲት 2 ቀን 1848 ጓዳሉፔ ኢዳልጎ ላይ ተፈራረመ። ፖልክ ሰውየውን አባረረው፤ ውሉን ግን ተቀበለው። ትሪስት ውዝፍ ደመወዙን ያገኘው በ1871 ነው።

አሜሪካ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች፤ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ወሰደች። ቴክሳስ ሲደመር ሜክሲኮ ከግማሽ በላይ መሬቷን አጣች። ውሉ ከመፈረሙ 9 ቀን በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰተር የእንጨት መሰንጠቂያ ወርቅ ተገኝቶ ነበር። ፈራሚዎቹ አልሰሙም።

ያሳደጋት ደንብ ሰነጠቃት

አዲስ መሬት ማለት አዲስ ስቴት ነው። አዲስ ስቴት ደግሞ 2 የሴኔት መቀመጫ ነው። ታዲያ ባርነት ያለበት ይሁን ወይስ የሌለበት? ጥያቄው መሬት በገባ ቁጥር ይነሣል። በ1820 ሚዙሪን ከነባርነቷ፣ ሜይንን ያለ ባርነት አስገብተው ሚዛኑን አቻቻሉት። በ1850 ለካሊፎርኒያ እንደገና ተቻቻሉ። በ1854 ካንሳስ ላይ ነዋሪው ይወስን ሲባል ሁለቱም ወገን ሰውና ጠመንጃ ላከ።

በ1860 ሊንከን የተመረጠው ባርነት ወደ አዲስ ቴሪቶሪ አይግባ በሚል አቋም ነው። ባርነት የነበረባቸው የደቡብ ስቴቶች ወደፊት የሚመጣው ስቴት ሁሉ የእነሱ ተቃራኒ እንደሚሆን ቆጠሩት። ወጡ። የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ከ1861 እስከ 1865 ከ600,000 በላይ ሰው በላ። ባርነት በሕግ ተሻረ።

በጦርነቱ መካከል አንድ ነገር ሆነ። የደቡቦቹ ወንበር በኮንግረስ ባዶ ስለሆነ ለዓመታት ሲያግዷቸው የነበሩ ሕጎች በ1862 በአንድ ዓመት አለፉ። የመሬት ዕደላው ሕግ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ 5 ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው በነፃ ሰጠ። 160 ኤከር ማለት የዚያ 1 ካሬ ማይል ሩብ ነው። ያ ሰንሰለት እንደገና መጣ! በዚህ ሕግ በስተመጨረሻ የአገሪቱ መሬት 10 በመቶ ያህሉ ታደለ። ሌላው ሕግ ለእርሻና ለምህንድስና ኮሌጆች መሬት ሰጠ። ሦስተኛው አህጉር አቋራጩን የባቡር ሐዲድ አስጀመረ።

ሐዲዱ ግንቦት 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ገጠመ። የምዕራቡን ወገን የሴራ ኔቫዳን ድንጋይ እየፈለፈሉ የሠሩት በብዛት ቻይናውያን ናቸው። በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ ሕግ ወጣባቸው። በሜዳው ላይ ከ30 ሚሊዮን ያላነሰ የነበረው ጎሽ በአደን አልቆ በሺህ እንኳ የማይቆጠር ሆነ። ጎሹ ሱ ለሚባሉትና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች ምግብ፣ ልብስና ቤት ነበር። እሱ ሲጠፋ መቋቋሙም አበቃ። በታኅሣሥ 1890 ወታደሮች ውንድድ ኒ በሚባል ቦታ የላኮታ ሱ ሰዎችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ፣ ፈጁ።

አላስካ በ1867 ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር መገዛቷ የታወቀ ነው፤ ብዙ አልቆይበትም።

ከመሬት ወደ ኃይል

መሬት ብቻውን ኃያል አያደርግም። የአሜሪካ ሀብት ምንጩ መሬቱ በሙሉ አንድ ገበያ መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ በስቴቶች መካከል ቀረጥ ከልክሏል። የሚኒሶታ የብረት ማዕድን በሐይቆቹ ላይ በመርከብ ይሄዳል፤ ከፔንሲልቫኒያ ከሰል ጋር ይገናኛል፤ ብረቱ የቴክሳስን ሐዲድ ይሠራል። አንድም ኬላ የለም። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ይህን ያህል ርቀት የሚሄድ ዕቃ ስንት ድንበር፣ ስንት ቀረጥ ይገጥመው ነበር። በ1900 አሜሪካ ከእንግሊዝ እጥፍ ያህል ብረት ታመርት ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን ጦሯ ትንሽ ነው። በ1890 ምድር ጦሯ 30,000 አይሞላም። ኢኮኖሚዋ ግዙፍ፣ ክንዷ ቀጭን። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ያየዋል፤ በጦር ኃይል በለጸገች ይላል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። በ1898 ነው ወደ ውጭ የወጣችው።

ምክንያቱ ኩባ ነች። ኩባውያን ከስፔን ጋር እየተዋጉ ሳለ ሜይን የምትባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች፤ ከ260 በላይ ሰው ሞተ። ማን እንዳፈነዳት ሳይጣራ ጋዜጦቹ ስፔን ናት አሉ። ጦርነቱ ወራት ብቻ ፈጀ። በታኅሣሥ ውል ፖርቶ ሪኮና ጉዋም ተወሰዱ፤ ለፊሊፒንስ 20 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። በዚያው ዓመት ሃዋይም ተጠቀለለች፤ ንግሥቷ ሊሊዩኦካላኒ ቀደም ብላ በ1893 በነጭ ባለሀብቶች ከዙፋኗ ተገፍታ ነበር። ፊሊፒኖዎቹ ነፃነት መጣ ሲሉ ሌላ ጌታ መጣባቸው። ተዋጉ። በጦርነቱ፣ በረሃቡና በበሽታው የሞተው ሲቪል እስከ 200,000 ይገመታል።

እነዚህ ደሴቶች ስቴት ይሆናሉ ወይ? የ1787 ቃል ይሠራላቸዋል? በ1901 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተከታታይ ፍርዶች መለሰ። መሬቱ የአሜሪካ ነው፤ የአሜሪካ አካል ግን አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም በሙሉ አይደርሰውም። በአንዱ ፍርድ ላይ ሰዎቹ ባዕድ ዘር መሆናቸው በጽሑፍ ተጠቅሷል። 114 ዓመት የቆየው ቃል እዚህ ላይ ተቆረጠ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው፤ የትኛውም ጦርነት አይደለም።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ብዙ መሬት መያዙን ተወች ማለት ይቻላል። ሌላ መንገድ አገኘች። ፓናማ ላይ በ1903 የቦይ ቀጠና ያዘች፤ ቦዩ በ1914 ተከፈተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፓ አበድራ ከተበዳሪነት ወደ አበዳሪነት ተሻገረች። አዲሱ መንገድ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን በመስከረም 1940 ነው። እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ተናንቃ ብቻዋን ቀርታለች። መርከብ ያስፈልጋታል። አሜሪካ 50 አሮጌ የጦር መርከቦች ሰጠቻት። በምላሹ ከኒውፋውንድላንድ እስከ ካሪቢያን ባሉ የእንግሊዝ ግዛቶች ላይ ለ99 ዓመት የጦር ሰፈር ኪራይ ወሰደች። ከናፖሊዮን ጋር የተደረገውን ግዢ አስቡት። ያኔ መሬቱ ከነምኑ ተገዛ። አሁን የተፈለገው ማኮብኮቢያና ወደብ ብቻ ነው። ሕዝብ የለበትም፤ ስለዚህ እኩል ይሁኑ አይሁኑ የሚል ክርክር የለም።

በሐምሌ 1944 የ44 አገሮች ሰዎች ብሬተን ዉድስ በሚባል ቦታ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ። ዶላር በወርቅ ታሰረ፤ 1 አውንስ በ35 ዶላር። ሌላው ገንዘብ በዶላር ታሰረ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ ከዚያ ወጡ። አውሮፓ ፈርሳ፣ ጃፓን ተቃጥላ፣ ፋብሪካው ሳይነካ የቀረው የአሜሪካ ነው። ከ1948 ጀምሮ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለምዕራብ አውሮፓ ማቋቋሚያ ሰጠች። አውሮፓ ቆመች፤ ደንበኛም ሆነች። በ1949 ከ11 አገሮች ጋር ኔቶን መሠረተች። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 የወርቁን ማሰሪያ ቢፈታውም ዶላሩ ቦታውን አልለቀቀም። ዓለም ለምዶት ነበር።

ፊሊፒንስ በ1946 ነፃ ወጣች። አላስካና ሃዋይ በ1959 ስቴት ሆኑ፤ ባንዲራው ላይ 50ኛው ኮከብ ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ የለም።

ጉዋም ግን እዚያው ናት። በ1898 የአሜሪካ መርከብ መጥታ ስትተኩስ የስፔን ሹማምንት ጦርነት መታወጁን አልሰሙም ነበር። ተኩሱ የሰላምታ መስሏቸው በጀልባ መጡና አጸፋውን ባለመመለሳቸው ይቅርታ ጠየቁ ይባላል። ዛሬ የደሴቲቱ መሬት ሩብ ያህሉ በጦር ኃይሉ እጅ ነው። ሕዝቧ ከ1950 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ልጆቹም ወታደር ይሆናሉ። በየአራት ዓመቱ ኅዳር ላይ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ስትመርጥ የጉዋም ሰዎችም ተሰልፈው ድምፅ ይሰጣሉ። ወረቀቱ ይቆጠራል፣ ውጤቱ ይነገራል። በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውስጥ ግን አይገባም።